ስልኩ የማያውቀው እኛን ነው

ስለ እጅ ስልክ የሚጻፈው ነገር አብዛኛው ለቅሶ ነው። ወግ ጠፋ፣ ጨዋታ ቀረ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ዋለ ይባላል። እኔ ከለቀስተኞቹ ጋር ለመቀመጥ አልመጣሁም። ስልኬን እወደዋለሁ፤ ያለ እርሱ ከቤቴ ደጃፍ አልርቅም። ነገር ግን ባለፈው ሐምሌ ካደረግነው ጉዞ አንድ ጥያቄ ይዤ ተመልሻለሁ፤ መንገድ የሚያሳየን ነገር፣ ማንን እየመራ እንደሆነ ያውቃል ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥተው ሰነበቱ። ከሶፋ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሶፋ መመላለሱ ሲሰለቻቸው አይቼ፣ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን አር.ቪ ተከራየን። አር.ቪ ለማያውቀው አንባቢ፣ ቤት የተጫነበት መኪና ማለት ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ተሸክሞ ይሄዳል። የእኛው ርዝመቱ ሰባት ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። መድረሻችን ከወደ ሰሜን፣ በሜን ግዛት በአትላንቲክ ዳርቻ የሚገኘው የአኬዲያ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

አባቴ ሾፌር ነበሩ። ያውም የአሰብ መስመር ሾፌር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ፣ ፊያት ኤንትሬያቸውን ከነተሳቢው እየነዱ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ፣ በማንዳ አድርገው ወደ ወደቡ ሲወርዱና ሲወጡ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው። ዛሬ መሪ አይጨብጡም፤ ዐይናቸው ግን ከጡረታ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ስልኩ ያደረገልንን ልናገር፤ አለዚያ ግፍ ይሆንብኛል። የምናድርበትን ቦታ ከወራት በፊት የያዝንልን እርሱ ነው፤ በአኬዲያ የማደሪያ ሥፍራ የሚገኘው አስቀድሞ በኢንተርኔት ነውና። ካዲላክ የተባለው ተራራቸው ላይ በመኪና ወጥቶ የፀሐይን መውጣት ለማየት እንኳ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ በወቅቱ የተቆረጠ ቀጠሮ ያስፈልጋል። ይህን ስነግራቸው አባቴ «ፀሐይም ቀጠሮ ጀመረች?» ብለው ሳቁ። ለነገሩ እንደኛ ያለ መኪና ወደ ጫፉ ስለማይፈቀድለት ከቀጠሮውም ከክፍያውም ተርፈናል። ነዳጅ የት እንደሚረክስ፣ የመኪናው ቆሻሻ ውኃ የት እንደሚደፋ፣ ነጎድጓዱ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ሁሉን ነገረን።

ችግሩ የጀመረው ከቤታችን ብዙም ሳንርቅ ባልቲሞር ላይ ነው። ስልኩ በወደቡ ሥር በሚያልፈው ዋሻ ሂዱ አለ። አከራዩ ሰውዬ ግን ቁልፉን ሲሰጠኝ «ጋዝ ይዘሃል፤ ዋሻው ውስጥ እንዳትገባ» ብሎኝ ነበር። በእርግጥም እንደኛ ያለ የምድጃ ጋዝ የተሸከመ መኪና በባልቲሞር ዋሻዎች ማለፍ ክልክል ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለው መኪና ወደብ የሚሻገረው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር። ያ ድልድይ ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 ሌሊት ዳሊ የተባለች የጭነት መርከብ ምሰሶውን መትታው ፈረሰ፤ በላዩ ጥገና ላይ ከነበሩት ሠራተኞች ስድስቱ ሞቱ። ስለዚህ ከተማዋን በምዕራብ በኩል ዞረን አለፍን። ስልኩ በየመውጫው ወደ ዋሻው ሊመልሰን ሲወተውት፣ ትንሿ ልጄ «ለምን አትሰሙትም?» እያለች ተቆጣችን።

ዋናው ነገር የደረሰው ኒውዮርክን አልፈን ወደ ኮኔክቲከት ስንቃረብ ነው። አውራ ጎዳናው ተጨናነቀ። ስልኩ ይህን አይቶ አቋራጭ አቀረበ፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ታተርፋላችሁ አለ። ደስ ብሎኝ ፍሬቻ አበራሁ።

አባቴ ከጎኔ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ከባዱ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንተ ወዴት ነህ?»

«በዚህ ይቀርበናል አባባ፤ ስልኩ ነው ያለው።»

«ይሁን። ግን አንድም የጭነት መኪና ሲገባበት አላየሁም። ሾፌር ሁሉ ሞኝ ነው?»

ቀና ብዬ ሰሌዳውን አነበብኩት፤ ለቤት መኪና ብቻ ይላል። ፍሬቻዬን አጠፋሁ። መንገዱ ድንበሩን ሲሻገር ሜሪት ፓርክዌይ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1940 ደረጃ በደረጃ የተከፈተ፣ ዛፍ የከበበው ውብ መንገድ ነው። ጆርጅ ደንከልበርገር የተባለ ሰው በላዩ የሚያልፉትን ድልድዮች አንዱ ከሌላው እንዳይመሳሰል አድርጎ ነድፏቸዋል። ለግጥም የሚመች መንገድ ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ከአርባ አራት ሳንቲም ለሚበልጥ መኪና ግን አልተፈቀደም። ከኛ ጣሪያ ላይ አንድ ሜትር ያህል ትርፍ ነበረን ማለት ነው። በዚያ ጣሪያ ሥር፣ ከመሪው በላይ ባለው አልጋ፣ ልጆቼ ማታ ማታ ይተኛሉ።

ያን ዕለት ማታ ተናድጄ ስልኩን ስረግም አባቴ አልተባበሩኝም። «እርሱ ምን አጠፋ? ምን እንደምትነዳ ነገርኸው?» አሉኝ። አልነገርኩትም። ለእርሱ እኛ በካርታ ላይ የምንንቀሳቀስ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ነን፤ ነጥብ ደግሞ ቁመት የላትም፣ ጋዝ አትሸከምም፣ ልጅ አታስተኛም። መንገዱንማ ከማንም አብልጦ ያውቃል።

አባቴ ያኔ ነው በአፋር በረሃ መንገድ እንዴት ይጠየቅ እንደነበር የነገሩኝ። ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ሲገኝ ወርደው የሚጠይቁት እረኛ ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ መኪናውን ይዞራል። ጎማውን ያያል፤ ጭነቱን ቀና ብሎ ይለካል፤ ሾፌሩ ውኃ እንዳለው ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ነው «አንተ በዚህ አታልፍም፤ ያኛው ያልፋል» የሚለው። ለሁለት ሾፌር ሁለት መልስ ነበረው። እኔ አቋራጭን እንደ እውቀት ስቆጥር፣ ያ ሰው ከመመለሱ በፊት የሚያየው ነገር ነበር እውቀቱ።

የአባቴን ዘዴም እንዳልክብ የማግስቱን ልጨምር። ሜን ውስጥ ስልኩ ኔትወርክ አጣ፤ ካርታውን አስቀድሜ አላወረድኩትም ነበር፤ ይህ የእኔው ስንፍና ነው። «ከባዱን ተከተል» አሉኝ። ግንድ የጫነ መኪና ተከትለን ግማሽ ሰዓት ነድተን የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ ውስጥ ገባን። የአሰብ መንገድ አንድ ነበር፤ ከባዱ ሁሉ ወደ ወደቡ ነው የሚሄደው። እዚህ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ጉዳይ አለው። አባቴ አፈሩ፤ ለደቂቃዎችም ዝም አሉ። ያወጣን ኔትወርኩ መለስ ሲል ያው ስልክ ነው።

ለመልሱ ጉዞ ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች የተሠራ አፕ ገዝቼ ጫንኩ። ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠን ቅጹን ስሞላ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተጠጉ። ቁመት ይላል፤ ሞላሁ። ርዝመት፣ ክብደት፣ ጋዝ።

«ጨረሰ?» አሉኝ።

«ጨርሷል አባባ።»

«ሽማግሌ መጫንህን አልጠየቀህም?»

«አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያው በየሁለት ሰዓቱ መቆም እንዳለብህ አያውቅም» ብለው እሳቱን ቆሰቆሱ።