ጀሪካኑ ላይ ምን ተጽፏል?

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ አበው። እኛ ጋ ግን ብዙውን ጊዜ ቅጠል ፍለጋ የሚኬደው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ወረቀት ነው። የኬሚካል ደኅንነት መረጃ ቅጽ ይባላል። “ይሄ የኬሚስትሪ ልጆች ጉዳይ አይደል እንዴ? ጋዜጠኛን ምን አገባው?” የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም እስከ ባለፈው ኅዳር ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ተወልጄ ያደግሁት ኢዲዶ፣ ይርጋ ጨፌ ወረዳ ነው። የቡና ወቅት ሲደርስ ሰፈራችን ሌላ ሰፈር ይመስላል። የቡና ማጠቢያውን እኛ “ሳይት” ነው የምንለው። እሸት ቡና ሲገባ ያመሻል፣ ማሽኑ ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል፣ ለቀማና እጥበት ፍለጋ ከሩቅ የመጣ ወጣት መንደሩን ይሞላዋል። አጎቴ ከነዚህ ሳይቶች በአንዱ ዘበኛ ናቸው። ታዲያ ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዲላ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠራ። ወጥቼ አነሳሁት። አጎቴ ናቸው።

“የኔ ልጅ፣ ፎቶ ልከንልሃል፣ ቶሎ አንብብልን!”

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማድረቂያ አልጋዎቹ ሥር የበቀለውን ሣር ለማጥፋት የተገዛ መድኃኒት ነበር። የተረፈውን አንዱ ሠራተኛ ሃይላንድ ውስጥ ቀድቶ ግድግዳ ሥር አስቀምጦታል። ሌላ ልጅ፣ ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ፣ ቡና ሲያገላብጥ ውሎ ውኃ ጠማውና አነሳው። አንድ ጉንጭ ዋጠ። ጣዕሙ ሲያስደነግጠው ጮኸ። ጓደኞቹም ሮጠው ወተት አመጡ፣ ጣታቸውን ጉሮሮው ውስጥ ከትተው አስታወኩት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ከነፉ። እዚያ የተጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ “ምንድነው የጠጣው?” የሚል ነበር። የሚያውቅ አልነበረም። ሃይላንዱ ላይ የተጻፈው “የምንጭ ውኃ” ነው።

አጎቴ ዋናውን ጀሪካን ከመጋዘን ፈልገው አገኙት። ወረቀቱ ግማሹ ተቀዷል። የአማርኛው ክፍል ከነበረም አብሮ ሄዷል። የቀረው ደቃቅ እንግሊዝኛ ነው፣ እሱም በዘይት ተነክሯል። ፎቶውን በቴሌግራም ላኩልኝና እኔ በስልክ ማንበብ ጀመርኩ። የመድኃኒቱን ስም በፊደል በፊደል ነገርኳቸው። ወደ ታች ስወርድ “እንዲያስታውክ አታድርጉ” የሚል መስመር አገኘሁ። አፌ ተያዘ። ልጁን ካስታወኩት ቆይተዋል እኮ!

ፈጣሪ ይመስገን፣ ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ ወጣ። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም። ወተቱንም ማስታወኩንም ያደረጉት ሊያድኑት ብለው ነው። ግን አንዳንድ ኬሚካል ሲገባ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል፣ አንዳንዱም በትውከት ጊዜ ወደ ሳንባ ይገባል። ይህንን ደግሞ የሚያውቀው ሰው ሳይሆን ያ የተቀደደው ወረቀት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ያዝኩ። ለካ ዓለም በዚህ ብዙ ደክሟል። ድሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ወረቀት በራሱ መንገድ ይጽፍ ነበር። አንዱ የመጀመሪያ እርዳታውን መጀመሪያ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው መጨረሻ ገጽ ላይ ይወሽቀዋል። አንዱ አገር “መርዝ” ያለውን ሌላው “ጎጂ” ብሎ ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ዲ ጄኔሮ ላይ በተካሄደው የአካባቢና የልማት ጉባኤ አንድ ወጥ ሥርዓት ይኑር ተባለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ2003 ጂ ኤች ኤስ ተብሎ የሚጠራውን ሥርዓት አሳተመ። በዚህ ሥርዓት ቅጹ 16 ክፍሎች አሉት፣ ቅደም ተከተላቸውም አይቀየርም። ክፍል 1 ስሙንና የአደጋ ጊዜ ስልኩን፣ ክፍል 2 የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ክፍል 4 የመጀመሪያ እርዳታን፣ ክፍል 5 እሳት ማጥፊያን፣ ክፍል 7 አያያዝና ማከማቻን፣ ክፍል 8 ጓንትና ጭምብልን ይይዛል። ቀይ ጠርዝ ያላቸው 9 የአደጋ ሥዕሎችም አሉት፤ የራስ ቅል፣ ነበልባል፣ እጅ ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽና የመሳሰሉት።

እዚህ ላይ ነው ጋዜጠኝነት የመጣው። እኛስ የሚማሩን ይሄንኑ አይደል? ዋናው ነገር ይቅደም፣ ማን ምን መቼ የት ይመለስ፣ አንባቢ የሚፈልገውን የት እንደሚያገኝ ይወቅ። ስፖርት አፍቃሪ ጋዜጣ ሲገዛ ገጹን አይፈልግም፣ እጁ ያውቀዋል። ወጥ ቅጽም ማለት ይኸው ነው። ሰው እየተንፈራገጠ 16 ክፍል አይነበብም። ክፍል 4 ሁልጊዜ ክፍል 4 ከሆነ ግን እጅ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል።

“ጌዴኦ ኬሚካል አያውቅም፣ የኛ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር በተፈጥሮ የሚያድግ ነው” የሚል መከራከሪያ ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ። እውነት አለው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው እኮ በዚሁ የአስተራረስ ጥበብ ነው። ግን ኬሚካል ማሳ ላይ ባይረጭም በሌላ በር ይገባል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከፈቀደችው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፣ ሽያጩም ክፉኛ ተጎዳ። ያኔ ጣት የተቀሰረው ገበሬው ላይ ሳይሆን ቡናው የተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። መድኃኒት ረጭቶ የማያውቅ ገበሬ ያልረጨውን ዕዳ ከፈለ ማለት ነው። ሳይት ውስጥስ ቢሆን የባትሪ አሲድ አለ፣ ናፍጣ አለ፣ በረኪና አለ። በረኪናን ከአሲድ ጋር የቀላቀለ ሰው የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን መሆኑን ሳያውቅ ነው የሚታፈነው።

የባሰም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1984 ሕንድ ቦፓል ከተማ ውስጥ ከፀረ ተባይ ፋብሪካ ሌሊት ጋዝ አፈትልኮ ሺዎች ሲያልቁ፣ ሐኪሞቹ የሚያክሙት ምን እንደሆነ በወጉ አልተነገራቸውም ነበር። የጤና ጣቢያው ጥያቄና የቦፓል ሐኪሞች ጥያቄ አንድ ነው፤ “ምንድነው?”

ሕግ የለንም እንዳይባል ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የኬሚካል ምዝገባና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1075/2010ም ወጥቷል። ታዲያ ምን ጎደለ? እንደኔ እንደኔ የጎደለው ቋንቋ ነው። “ማሳወቅ” ማለት እንግሊዝኛ ወረቀት ቢሮ ፋይል ውስጥ አስቀምጦ መቆለፍ ከሆነ፣ ማንም አላወቀም። የአውሮፓ ኅብረት ቅጹ ኬሚካሉ በሚሸጥበት አገር ቋንቋ ካልተጻፈ አይቀበልም። ለጀርመኑ በጀርመንኛ ከተጻፈ፣ ለኢዲዶው ልጅ በአማርኛና በጌዴኡፋ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

“ሠራተኛው መች ያነባል?” የሚሉም አሉ። መልሴ አጭር ነው፤ ይነበብለታ! ሙሉው ቅጽ ቢሮ ይቀመጥ። ከሱ ላይ ስሙ፣ ጉዳቱ፣ የመጀመሪያ እርዳታውና ስልኩ ተወስዶ አንድ ገጽ ይሁን፣ ከነሥዕሉ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ፣ አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ይነበብ። ሃይላንድ ውስጥ መገልበጥ ደግሞ ጭራሽ ይከልከል።

በእርግጥ ትርጉሙ ቀላል ሥራ አይደለም፣ ዝም ብሎ የተረጎመ ሰው ይገድላል። በእንግሊዝኛ “ፍላመብል” እና “ኢንፍላመብል” ሁለቱም “ተቀጣጣይ” ማለት ናቸው። “ኢን” ስላለበት “የማይቀጣጠል” ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም። ስለዚህ ነው ሥራው የኬሚስትሪ ልጆች ብቻ ወይም የቋንቋ ልጆች ብቻ ሊሆን የማይችለው። የኬሚስትሪው ትክክለኛነቱን ያረጋግጥ፣ ጌዴኡፋ የሚያውቀው ይተርጉም፣ የኛ ክፍል ሰው እንዲገባው አድርጎ ይጻፈው። ለመጀመሪያ ያህል በዞናችን ሱቆች በብዛት የሚሸጡ 10 ኬሚካሎችን ብንመርጥስ? መምህራኖቻችን እንደ አንድ የተግባር ሥራ ቢቆጥሩልን፣ ከምንጽፈውና መሳቢያ ውስጥ ከሚቀረው የልምምድ ዜና የተሻለ አንባቢ የሚያገኝ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ እንደገና ደወሉ። “አዲስ ጀሪካን መጥቷል። ከመክፈታችን በፊት አንብብልን” አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አነበብኩላቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፈተና ላይ ብሆንስ? ኔትወርክ ባይኖርስ? አጎት ያለው እኔን ደወለ። ከሩቅ መጥቶ ቡና የሚያገላብጠው ልጅ ማን ጋ ይደውል?

ቸር ያሰማን።