በሽተኛን ስለ መጠየቅ

በቋንቋችን «በሽተኛ ጠየቀ» ማለት ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛው ወደ ታመመው ሰው ቤት ሄዶ «እግዜር ይማርህ» ብሎ አጽናንቶ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም የበሽታውን ነገር ለማወቅ የበሽተኛውን ቃል መቀበሉ ነው። የመጀመሪያውን አገራችን ከጥንት ጀምሮ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ጎረቤቱ ታሞ ያልጠየቀ ሰው በሰው ዘንድ ይታማል። ሁለተኛው ግን ትምህርትና ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ስለ ሆነ፣ በዚህ ሳምንት ስለ እርሱ ጥቂት ለማመልከት አሰብን። ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የሚነገር አይምሰላችሁ። በሽተኛውን ደግፎ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ቤተ ሰብ ነውና፣ ጥያቄው የሚቃናውም የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በእኛ ነው።

ይህን የምጽፈው እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በችሎት የምስክሮችን ቃል ስጽፍ ብዙ ዓመት የኖርሁ ጸሐፊ ነኝ። ነገር ግን ዳኛና ሐኪም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በዓይናቸው ያላዩትን ነገር ካገኘው ሰው አፍ ሰምተው ይፈርዳሉ። «ሌባው ጥቁር ካባ ለብሶ ነበር፤ አይደለም?» ተብሎ የተጠየቀ ምስክር ደንግጦ «አዎን» ይላል። «ምን ለብሶ ነበር?» ቢባል ግን ያየውን ይናገራል። እንዲሁም «ብርድ ብርድ ይልሃል አይደለም?» የተባለ በሽተኛ ጠያቂውን ስለሚያከብር ብቻ «አዎን ጌታዬ» ይላል፤ በዚህም ሐኪሙ የገዛ አሳቡን መልሶ ይሰማል እንጂ የበሽተኛውን ቃል አልሰማም።

ይህን ነገር በቤቴ በደረሰ ችግር ተማርሁት። ባሏ የሞተባት እኅቴ ሳንጃ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ባሏ በቆላ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ በዚያው ስለ ቀረ፣ ልጅዋ ወደ ቆላ እንዳይወርድ በብርቱ ከልክላው ነበር። አንድ ዓመት ልጁ «ጎንደር ከተማ የግንብ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሎ በነሐሴ ሄደና በኅዳር ተመለሰ። ከጥምቀት በፊት ትኩሳት ያዘው። እኛም ወባ ነው ብለን በቤት የተገኘውን ኪኒን ሰጠነው፤ ቀለል ይልለትና መልሶ ይይዘው ነበር። ወደ ሐኪም ቤትም በወሰድነው ጊዜ ለተጠየቀው ሁሉ የምትመልስ እናቱ ነበረች፤ እርስዋ ስታርፍ ደግሞ እኔ እናገር ነበር። ልጁ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ዝም አለ። እንዲህ ሆኖ ሁዳዴ ገባ፤ ልጁም ከሳ፣ ግራ ጎኑም ከጎድኑ በታች ጠነከረ።

በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ አስታማሚ እኛን ሁለታችንን በትሕትና ወደ ውጭ አስወጥተው፣ ከልጁ አጠገብ ተቀመጡና «ልጄ፣ ባለፈው ክረምት የት ከረምህ? ሌሊትስ የት ታድር ነበር?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ከመተማ በታች በሰሊጥ እርሻ እንደ ዋለና ከግራር ሥር እንዳደረ እያለቀሰ ነገራቸው። ወዲያው ወደ ጎንደር ተላከ፤ ደሙ ቢመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። የ17 ቀን መርፌ ተወግቶ ዳነ። ያዳነው መድኃኒቱ ነው፤ ለመድኃኒቱ መንገድ የከፈተው ግን ያ አንድ ጥያቄ ነው።

ካላ አዛር የምትባለው በሽታ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ትንሽ ነፍሳት ትተላለፋለች። ይህች ነፍሳት በቆላው በግራር ሥርና በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ትገኛለች። በሽታው ትኩሳትን፣ የጣፊያን ማበጥና ክሳትን ስለሚያመጣ ከወባ ጋር ይምታታል፤ ካልታከመም ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው በትኩሳት በታመመ ጊዜ፣ አስቀድሞ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ኋላ ግን ካላ አዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለቀን ሥራ ወርደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር ሳይገባ እንዳልቀረም ተገምቷል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ የት ደርሶ እንደ መጣ መጠየቅ አለበት። እንዲሁም በሳንጃ አካባቢ ቢልሐርዝያ ስላለ፣ ሆዱን የሚያመው ልጅ በየትኛው ወንዝ እንደሚዋኝ መጠየቅ ይገባል።

የመጠየቅ ጥቅም በሌላውም ዓለም ተመዝኗል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 በእንግሊዝ አገር የ80 በሽተኞች ነገር ቢመረመር፣ በ66ቱ ላይ ሐኪሙ ቃላቸውን ሰምቶ የገመተው በሽታ ኋላ ከተረጋገጠው ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ዳሩ ግን በ1984 በአሜሪካ በተደረገ ሌላ ምርመራ፣ ሐኪሞቹ በሽተኛው መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ ቃሉን ያቋርጡ እንደ ነበር ታወቀ። በ18 ሴኮንድ የአገራችን ሰው ሰላምታውን እንኳ አይጨርስም።

እንግዲህ የመልካም ጥያቄ ሥርዓት ይህ ነው። አስቀድሞ «ምን ሆንህ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ብሎ ዝም ማለት ነው። በሽተኛው ከጨረሰ በኋላ መቼ እንደ ጀመረው፣ የት ላይ እንደሚያመው፣ ሕመሙ ወዴት እንደሚዛወር፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያሻለው፣ ከእርሱም ጋር ሌላ ምን እንደሚሰማው አንድ በአንድ መጠየቅ ይገባል። ቀኑን የማያስታውስ ሰው «ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ቢባል አይስትም። «ምች መታኝ»፣ «ልቤን ያመኛል» የሚል ቢኖር፣ ቃሉን እንደ ሰሙ በሽታ አድርጎ መጻፍ አይገባም። አንዱ ልቤን ሲል ደረቱን፣ ሌላው ጨጓራውን ማለቱ ነውና፣ «እጅህን አኑረህ አሳየኝ» ማለት ይሻላል። ኮሶ ጠጥቶ ወይም ሌላ ያገር መድኃኒት ወስዶ እንደ ሆነም ያለ ቁጣ ይጠየቅ፤ የተቆጡት ሰው ይደብቃልና። «በላ ልበልሃ» ባላጋራን ለመርታት ያገለግል ነበር እንጂ ለበሽተኛ አይሆንም።

ቤተ ሰብም ድርሻ አለው። ሕፃን ወይም ራሱን የሳተ ካልሆነ በቀር ለበሽተኛው አንመልስለት። የምናውቀው ነገር ካለ እርሱ ከጨረሰ በኋላ እንናገር። ሐኪሙ «ጥቂት ውጡልኝ» ቢል እንደ ንቀት አንቁጠረው። ሚስት በባል ፊት፣ ልጅም በእናት ፊት የማይናገሩት ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜም በሽታው የሚታወቀው ከዚያ ነው። በቤታችሁ ልጅ ወይም አሽከር ቢታመም፣ ምንም ክብራችሁ ከፍ ያለ ቢሆን፣ ቃሉን በገዛ አፉ ይስጥ።

በችሎት ምስክር ቃሉን ከሰጠ በኋላ ጽሕፈቱ ይነበብለታል፤ የሳትነው ካለ ያርመዋል፤ ከዚያም ይፈርማል። ሐኪምም በመጨረሻ «እንዲህ ነው ያልኸኝ፤ የቀረ ነገር አለ?» ብሎ የሰማውን ቢደግምለት፣ በሽተኛው ፈርቶ ያስቀረውን ያን ጊዜ ያወጣዋል።

እኅቴ ዛሬ ልጅዋን ወደ ቆላ እንዳይወርድ አትከለክለውም፤ «ስትመለስ ግን የት እንደ ነበርህ ንገረኝ» ትለዋለች። እርሱም አጎበሩን ይዞ ይወርዳል፤ በተመለሰም ጊዜ ያደረበትን ስፍራ ሁሉ ሳንጠይቀው ይነግረናል።