ቁጥጥሩ አማርኛ ተናጋሪውን አረጋዊ ይስማ

በአሜሪካ የሜዲኬር ወይም የሜዲኬይድ ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ነርሲንግ ሆም ቢያንስ በየ15 ወሩ አንድ ጊዜ፣ ቀኑ አስቀድሞ ሳይነገረው፣ በክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ይፈተሻል። ተቆጣጣሪዎቹ መዝገብ ያገላብጣሉ፣ ወጥ ቤት ይገባሉ፣ መድኃኒት ሲታደል ቆመው ያያሉ። ከነዋሪው አጠገብ ተቀምጠውም ይጠይቃሉ። ደወል ሲደውሉ ሰው እስኪመጣ ምን ያህል ይጠብቃሉ? እዚህ የሚያስፈራዎ ሰው አለ? ይህ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲቀርብ ቋንቋውን የማያውቁት እናት ከአክብሮት የተነሣ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያ ንቅናቄ «ቅሬታ የላቸውም» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ አለዚያም እናታችን መጠየቅ ከማይችሉት ጋር ተቆጥረው ይታለፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ለነዋሪው የሰጠው መብት ትንሽ አይደለም። ከጥቃትና ከቸልተኝነት መጠበቅ፣ ለሠራተኛው ምቾት ሲባል በማሰሪያም ሆነ በማደንዘዣ መድኃኒት አለመታሰር፣ ቂም ሳይፈሩ አቤቱታ ማቅረብ በሕጉ ሰፍረዋል። የፌዴራሉ ደንብ ነዋሪው ስለ ጤናው ሁኔታ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥበቃ የቆመው ነዋሪው ይናገራል፣ ሰሚም ያገኛል በሚል ግምት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግምቱ ለእኛ አረጋውያን አይሠራም፣ መፍትሔውም በሕግ አውጪዎች እጅ ነው የሚል ነው።

ጉዳዩ እንግሊዝኛ ፈጽሞ ያልተማሩትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አርባ ዓመት በእንግሊዝኛ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው የመርሳት በሽታ ሲጠናባቸው ኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድመው ሊያጡና ወደ እናታቸው ቋንቋ ሊመለሱ ይችላሉ። በሌሊት «ውኃ» ብለው ሲጣሩ ሠራተኛው የሚሰማው ጩኸት ነው። ጩኸት ሲደጋገም «የጠባይ ችግር» ተብሎ ይመዘገባል፤ የጠባይ ችግር ደግሞ ማረጋጊያ መድኃኒት ያስከትላል። ጾምም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተት የቀረበላቸው እናት ሳህኑን ሲገፉ መዝገቡ «ምግብ እምቢ አሉ» ይላል እንጂ ጾመኛ መሆናቸውን አይናገርም። ክብደታቸው ሲቀንስ ምክንያቱ በበሽታቸው ውስጥ ይፈለጋል። (የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ የሚደርስባቸውን አደጋ ለሐኪም ማስረዳት አያስፈልግም፤ መጾማቸውን ለሐኪሙ የሚነግር ሰው ግን ያስፈልጋል።)

ከቤተሰቡ በኩል ያለውንም እንቅፋት አንሸሽግ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት ባህል ወላጅን ለተቋም መስጠት እንደ ነውር ይቆጠራል። ሁለት ሥራ የምትሠራ ልጅ አማራጭ አጥታ እናቷን ስታስገባ ለዘመድ አትናገርም፤ በጎረቤትና በዕድር ይጎበኙ የነበሩ ሰው ጠያቂ አልባ ይሆናሉ። በእናቷ ክንድ ላይ የበለዘ ቦታ ብታይ እንኳ ይሉኝታ ይይዛታል፣ «ብናገር ቂሙን በእሷ ይወጡታል» ብላም ትፈራለች። ደንቡ ቤተሰቦች ተሰብስበው ምክር ቤት እንዲያቋቁሙና ተቋሙም ለሚያነሡት ጉዳይ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን በአማርኛ የነገራቸው ግን የለም።

በአልጋው ማዶ ያለውም ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሚኒያፖሊስና በሲያትል አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ሴቶች፣ በሲኤንኤነት ይሠራሉ። የፌዴራል ሕግ ለዚህ ሥራ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንክብካቤ እንዲመደብ፣ ከዚህም 2.45 ሰዓቱ የሲኤንኤ እንዲሆን፣ የተመዘገበ ነርስም ሌት ተቀን እንድትገኝ አዝዞ ነበር። በሚያዝያ 2025 በቴክሳስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዋና ዋና ድንጋጌዎቹን ሻራቸው፤ በሐምሌ ወር የጸደቀው የበጀት ሕግ ደግሞ አፈጻጸሙን እስከ 2034 አገደ። ተቋማቱ ሠራተኛ አይገኝም፣ ወጪውም አይቻልም ብለው ነበር። የሠራተኛ እጥረት መኖሩን አንክድም። ነገር ግን እጥረቱ ከደመወዙ ማነስና ከሥራው ክብደት ተነጥሎ ሊታይ አይገባም፤ አንዲት ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ ከአቅሟ በላይ ሰው እንድታጥብ፣ እንድታበላና እንድታገላብጥ ሲደረግ ችግር ቢፈጠር ቀድማ የምትጠየቀው እሷ ናት። ያየችውን ጥፋት የምትጠቁም ሠራተኛ ከሥራ እንዳትባረር የሚጠብቃትን ሕግ ማጠናከር የነዋሪው ደኅንነት አካል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የቁጥጥር ሕግ ብዙ ጊዜ የሚጠነክረው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑን ፍሎሪዳ አሳይታለች። በመስከረም 2017 ኢርማ የተባለው ማዕበል ኤሌክትሪኩን ሲያቋርጥ፣ በሆሊውድ ከተማ ማቀዝቀዣው በቆመበት አንድ ነርሲንግ ሆም 12 ነዋሪዎች ሞቱ። ሆስፒታል የነበረው መንገድ ማዶ ነው። ክፍለ ግዛቱ ተቋማት ጄኔሬተርና ነዳጅ እንዲይዙ በሕግ ያስገደደው በዓመቱ ነበር። የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮም በ2019 ባወጣው ሪፖርት በነርሲንግ ሆሞች ላይ የተመዘገቡ የጥቃት ጥሰቶች በ2013 ከነበሩበት 430 በ2017 ወደ 875 መድረሳቸውን ገልጿል።

ከነርሲንግ ሆም ውጭ ያለው ይዞታ ደግሞ ይበልጥ ልል ነው። አሲስትድ ሊቪንግ የሚባሉትን ተቋማት በአገር አቀፍ ደረጃ የሚገዛ ተመሳሳይ የፌዴራል ደንብ የለም፤ ለየክፍለ ግዛቱ የተተወ ነው። ሚኒሶታ ለእነዚህ ተቋማት የፈቃድ ሥርዓት የጀመረችው በነሐሴ 2021 ነው። ነዋሪው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ በክፍሉ ካሜራ እንዲተክል የሚፈቅደው ሕጓም ሥራ ላይ የዋለው በ2020 ነው። ካሜራ የግል ሕይወትን ስለሚነካ የነዋሪው ፈቃድ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሕጓን ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ቢከተሏት እንደግፋለን።

ለሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤቶች የምናቀርበው ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን በአማርኛ ጭምር ያዘጋጃሉ። ሕጉ የተጻፈው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው፤ የግል መንከባከቢያ ተቋማትን በቀጥታ አይገዛም። ክፍለ ግዛቶች ይህን ግዴታ ለፈቃድ እድሳት ቅድመ ሁኔታ አድርገው ወደ ተቋማቱ ያሻግሩት። ተቆጣጣሪዎች እንግሊዝኛ የማይናገር ነዋሪን ያለ ብቁ አስተርጓሚ «መጠየቅ የማይችል» ብለው እንዳይመዘግቡ ይከልከሉ። አስተርጓሚው የተቋሙ ሠራተኛም የነዋሪው ልጅም መሆን የለበትም፤ ሁለቱም ፊት የማይነገር ነገር አለ።

በየክፍለ ግዛቱ የሚገኘው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ጽሕፈት ቤት ወደ ተቋማቱ ገብቶ ነዋሪውን የማነጋገር ሥልጣን አለው፤ የነዋሪውንም ምሥጢር ያለ ፈቃዱ አያወጣም። ሠልጥነው የምስክር ወረቀት ያገኙ በጎ ፈቃደኞችም ጉብኝት ያካሂዳሉ። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ በጎ ፈቃደኞችን ለማሠልጠን የሚያስፈልገው በጀት አነስተኛ ስለሆነ በቀጣዩ የበጀት ዓመት እንዲካተት እንጠይቃለን። ከእኛ ወገን ቤተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና ዕድሮቹ ጡረታ የወጡ መምህራንና ነርሶች ሞልተዋቸዋል። በወር ሁለት ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ሰው ለመመልመል እኛ ዝግጁ ነን፤ ጽሕፈት ቤቶቹ ሥልጠናውን መቼ እንደሚከፍቱ ይንገሩን።