በድሬዳዋ የሚውል የቻይኖች ዓውደ ዓመት

ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ሐዲድ ጋር ከተቆረቆረች ጀምሮ የባዕድ በዓል ለእርሷ ብርቅ አይደለም፤ ግሪኩም አርመኑም ዐረቡም እንደየሥርዐቱ ሲያከብር አይታለች። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር የሠሩት የቻይና ድርጅቶች ናቸውና፥ ከእነርሱ ጋር የፀደይ በዓላቸውም መጣ።

ይህ በዓል እንደ እኛ ዕንቍጣጣሽ በተወሰነ ቀን አይውልም። ጨረቃን ተከትሎ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ይመላለሳል፤ ጾመ ነነዌያችንም ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 እንደሚመላለስ ልብ ይሏል። የእኛ ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ነው፤ እነርሱም በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ 13ኛ ወር ይጨምራሉ። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ታላቁ ነገር የዋዜማው እራት ነው። በሀገራቸው ልጅ ከሩቅም ቢሆን ተጕዞ በወላጆቹ ማእድ ይቀመጣል፤ በሰሜኑ ክፍል ሥጋ በስንዴ ሊጥ ጠቅልለው ቀቅለው ይበላሉ፤ ለሕፃናትም በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ገንዘብ ይሰጣል። እዚህ ያለው ሠራተኛ ግን ከባልንጀሮቹ ጋር ብቻ ይቀመጣል። ልጆቻችን በቤይሩትና በሪያድ ፋሲካን እንዴት እንደሚውሉ የምናውቅ ወላጆች፥ ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም።

እንግዲህ አብሯቸው የሚሠራ ምእመን ቢጠራ ምን ያድርግ? በ2018 ዓ.ም. የዋዜማው እራት የካቲት 9 ቀን ሰኞ፥ ዐቢይ ጾም በተያዘበት ዕለት ነበር፤ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጾሙ አይፈታም፤ የእሪያ ሥጋም በጾም ሆነ በፍስክ አይበላም። በብዙ ቤት ለሙታን አባቶች ምግብና ዕጣን ይቀርባል፤ ከዚያ መራቅ እንዲገባ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው መረዳት ይቻላል። ዳሩ ግን ‹‹ጾመኛ ነኝ›› ብሎ በትሕትና መናገር አንድ ነገር ነው፤ ፊትን አዙሮ ማለፍ ሌላ ነው። እኛ ሁለተኛውን ጾም አንለውም።

ቈሎና ጀበና ይዞ ሄዶ እንኳን አደረሳችሁ ማለት ይበቃል። ሰዓቱን ግን መጠንቀቅ ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን በቤጂንግ እኩለ ሌሊት ነውና፥ በዚያን ጊዜ ከእናቶቻቸው ጋር በስልክ ይነጋገራሉ።