የተቃጠለ ዘይት መድኃኒት አይደለም

ዘይት የነካው ብረት አይዝግም የሚለውን እምነት በጋራዥና በላቫጆ አካባቢ የሚጠይቀው ሰው የለም። በሐዋሳም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ቮልስ፣ ላዳ ወይም ላንድሮቨር «ታደሰ» ሲባል ሥራው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አካሉ ይቀጠቀጣል፣ ስቱኮ ይገባበታል፣ ቀለም ይነፋል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ይለብሳል። ሆዱ ላይ ግን በናፍጣ የቀጠነ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በኮምፕሬሰር ይረጫል፤ ገንዘብ የተረፈው ባለቤት ደግሞ ሬንጅ ያስቀባል። መኪናው ከላይ እንደ አዲስ፣ ከሥር ጥቁርና አብረቅራቂ ሆኖ ይወጣል። ይህ ልማድ መኪና አያድንም። ብዙ ጊዜ የሚገድለው እርሱ ነው።

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የመኪናን ሥር የሚበላው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አስፋልት ላይ ጨው የሚበትን የለም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ርቃ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የባሕር ነፋስም አይደርስባትም። እዚህ የሚበሰብስ ሻንሲ በአየሩ ሊያመካኝ አይችልም። ብረት ለመዛግ ውኃና ኦክስጅን ይበቃዋል፤ ወሳኙ ነገር ውኃው ብረቱ ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው። ውኃውን ይዞ የሚያቆየው ደግሞ የሰው እጅ ነው።

ከከተማዋ መሐል ወጣ ብሎ በሐዋሳ ሐይቅ አቅጣጫ ያለው፣ በጤና ጣቢያው ስሙ የሚታወቀው ቡሹሎ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የሐዋሳ ዙሪያ አፈር በብዛት ከእሳተ ገሞራ አመድና ቀዳዳ ከበዛበት ቀላል ድንጋይ የተገኘ ነው። በበጋ ይቦናል፣ በዝናብ ወራት ይጨቀያል፤ ቅንጣቶቹ ውኃ መጥጠው ይይዛሉ። ከአስፋልት ወርዶ በጥርጊያ መንገድ የሚመላለስ መኪና ይህን ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥ፣ በባሌስትራው መያዣ፣ በሻንሲው መጋጠሚያዎች ጠቅጥቆ ይዞ ይዞራል። ዘይቱ የሚረጨው እንግዲህ በዚህ ጭቃ ላይ ነው። ዘይትና አፈር ተለውሰው ቅርፊት ይሠራሉ፣ እርጥበቱም ከቅርፊቱ በታች ይታፈናል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ቅርፊቱን ከውስጥ እየገፋ ይስፋፋል። ከውጭ ሲታይ ግን ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ጤነኛ ነው።

ሬንጅ የባሰ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ውኃ መውጫ አያገኝም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነው ፋብሪካው ሆን ብሎ የተዋቸውን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች መድፈኑ ነው። በበሮቹ ሥርና በወለሉ ዙሪያ ባሉት ባዶ የላሜራ ሣጥኖች ግርጌ የሚገኙት ትናንሽ ቀዳዳዎች የተበሱት በመስታወቱና በበሩ ዙሪያ የሚሠርገው ውኃ እንዲወርድ ነው። አንድ ብሩሽ ሬንጅ ቀዳዳውን ከደፈነ በኋላ ውኃው ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ላሜራውም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ጉዳቱ በዓይን ሲታይ ለብየዳ የሚሆን ብረት አይቀርም።

ለልማዱ የሚከራከሩ ሰዎች አንድ እውነት አላቸው። በካናዳ የመኪናን ሥር በየዓመቱ ዘይት ማስረጨት የታወቀ አገልግሎት ነው። እዚያ የሚረጨው ግን ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ቀጭንና ንጹሕ ዘይት ነው፤ በተለይም ባዶ ሣጥኖች ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ከሞተር የወጣ ዘይት ሌላ ነገር ነው። ከነዳጅ ቃጠሎ የመጣ አሲድ፣ ውኃና የብረት ብናኝ ተሸክሟል፤ ዝገት እንዲከላከል የተጨመረበት ቅመምም ሥራውን ጨርሷል። የፍሬን ሸራ ላይ ሲያርፍ ፍሬኑን ያዳክማል፣ ማርሚታ ላይ ሲያርፍ ይጨሳል።

ቮልስን የሚያድሱ ወጣቶች በርክተዋል፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ የወጣው ይህ መኪና በኢትዮጵያ የብዙ ቤተሰብ ትዝታ አለበት። አሠራሩን ያወቀ ሰው ግን እድሳቱን ከሥር ይጀምራል። የቮልስ አካል ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ ወለሉና በመሐሉ የሚያልፈው ቱቦ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑ የሚፈሰው አሲድ መጀመሪያ የሚበላው ይህንኑ ወለል ነው። ወንበሩን አንሥቶ ሳያይ ቀለም የሚያስነፋ ሰው ገንዘቡን በማይታመን መሠረት ላይ ያፈስሳል።

ትችቱ የሚጠነክረው ግን ሞተርና ካምቢዮ በሚያርፉባቸው ጎማዎች፣ በጋራዥ ቋንቋ በጎሚኒዎቹ ላይ ነው። እነዚህ ክፍሎች በብዛት የሚሠሩት በሙቀት ከብረት ጋር ከተጣበቀ የተፈጥሮ ጎማ ነው። የተፈጥሮ ጎማ ደግሞ የማዕድን ዘይት ጠላቱ ነው፤ ዘይቱን ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ከብረቱ ይላቀቃል። ስለዚህ ሻንሲውን ያድናል ተብሎ የሚረጨው ዘይት ሞተሩን የያዘውን ክፍል ያበላሻል። ጎሚኒው ሲበላሽ የሚደረገው መፍትሔም ጥፋት ነው፤ ከአሮጌ ጎማ ተቀርጾ የወጣ ቁራጭ በብሎንና በሮንዴላ ይታሰራል። የመኪና ጎማ በክርና በሽቦ የተጠናከረው ሸክም ተሸክሞ እንዲሽከረከር ነው። ንዝረት እንዲውጥ የተሰላ አይደለም፣ ከብረትም ጋር አልተጣበቀም።

የቮልስ ሞተር የራሱ ማረፊያ የለውም፤ በአራት ማሰሪያዎች ካምቢዮው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ካምቢዮው ደግሞ በጎማዎች ላይ ያርፋል። እነዚያ ጎማዎች ሲላሉ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ፍሪሲዮን ያስቀይራል፤ ንቅጥቅጡ ይቀጥላል። በሌሎች መኪኖችም የማርሽ ዘንግ መዝለል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ከሥር «ዷ» የሚል ድምፅ፣ ማርሚታ እየተደጋገመ መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ ምንጫቸው ያው ጎማ ነው።

ነገሩ ከምቾት ያለፈ ለመሆኑ ታሪክ ይመሰክራል። በ1971 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጄኔራል ሞተርስ 6.7 ሚሊዮን ገደማ የሼቭሮሌ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ የሞተር ማረፊያው ጎማ ሲላቀቅ ሞተሩ በአንድ ጎን ተነሥቶ የነዳጅ መስጫውን ከፍቶ ሊይዘው መቻሉ ነበር። ኩባንያው ሞተሩ እንዳይነሣ ማሰሪያ ገመድ አስገጠመ። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ጎማ ይህን ያህል ጣጣ አምጥቷል።

መለዋወጫ ውድ ነው፣ አይገኝም የሚለው ምላሽ እውነትነት አለው። ሆኖም በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ጎሚኒ ገዝቶ መግጠም መፍትሔ አይሆንም፤ ጎማ ሳይሠራበትም ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል። ቀለም ለማስነፋት የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ቢቀነስ አዲስ ይገዛል። መኪናውን ማቆየት ደግሞ ዛሬ ምርጫ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጥሏል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆኗል። በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል።

ሐዋሳ ላይ ሌላም ዕዳ አለ። ሐይቁ በጥቁር ውኃ ወንዝ ይመገባል እንጂ በምድር ገጽ የሚፈስበት መውጫ የለውም፤ የገባው ይቀራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለሕዝብ በሚያሰራጨው መረጃ ከአንድ መኪና በአንድ ቅየራ የሚወጣ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል። ሆዱ ዘይት የተረጨ መኪና ዝናብ ባጠበው ቁጥር የሚያንጠባጥበው በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል ዓሣ ወደሚወጣበት ውኃ ነው።

ትክክለኛው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ምናልባት የማይወደደውም ለዚህ ነው። ሥሩ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ ቅርፊቱ በካቻቢቴና በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ይፋቃል፤ የተበሳው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየዳል፤ አንቲ ረስት ከዚያም የሻንሲ ቀለም ይቀባል፤ የውኃ መውረጃዎቹ ይከፈታሉ። ጎሚኒ ሲቀየር በኮፓው ሥር ጣውላ ገብቶ ሞተሩ በክሪክ ይደገፋል፣ ጎማዎቹም በአንድነት ይቀየራሉ፤ አንዱን አሮጌ ትቶ አንዱን አዲስ ማድረግ አዲሱን ቶሎ ይገድለዋል። ብሎኖቹ የመጨረሻ የሚጠብቁት ክብደቱ በቦታው ካረፈ በኋላ ነው። መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ መግባት ሕይወት ያስከፍላል፤ ጠንካራ መደገፊያ ግድ ነው።

የከተማዋ አስተዳደር ከጋራዦች የተቃጠለ ዘይት በበርሜል የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ያጥብቅ፤ ለዓመታዊ ምርመራ በዘይት ተሸፍኖ የቀረበ ሻንሲም ታጥቦ እንዲመለስ ያድርግ። አሮጌ መኪና የምትገዙም ቀለሙን ከማድነቃችሁ በፊት ጋራዥ ጉድጓድ ላይ አስቁሙት፣ ካቻቢቴና ባትሪ ይዛችሁ ሥሩ ግቡ፣ ጥቁር ቅባት ካያችሁ ፍቃችሁ ብረቱን እዩ። ሻጩ እንዳትፍቁ ከከለከላችሁ አትግዙት።