ግልጽ ችሎትና የሰው ገመና
በሀገራችን ፍርድ ከጥንት ጀምሮ በዛፍ ጥላ ሥር፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ ይሰጥ እንደ ነበረ ሁሉ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት እንዲዳኝ ደንግጎ፣ ክርክሩ በዝግ የሚሰማው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የሀገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ መሆኑን አጽንቷል። ክብሯ የተደፈረ ሕፃን ስሟ በጋዜጣ እንዳይወጣ ዳኛው ቢከለክል፣ ቁስሏ ዳግመኛ እንዳይታደስ ነውና ርቱዕ ፍርድ ነው። ነገር ግን ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ ኀፍረቱን ይሸፍንለት ዘንድ ይህንኑ መጋረጃ ሲለምን፣ ሕዝብ ያላየውን ፍትሕ ለማመን እንደሚቸገር እያሰብን ልመናውን ልንቃወም ይገባናል። ስምን መሰወር በሚበቃበት ስፍራ ችሎቱን በሙሉ መዝጋትም ከመጠን ማለፍ ነው። ዳኞቻችን ሆይ፣ በሩን ስትዘጉ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሩልን፤ ምክንያቱም ሲያልፍ ክፈቱት።