የማይነቃነቅ መስተዋት

ካሜራ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሌንሱ ጥራት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጸጥታ በሰፈነበት ክፍል ውስጥ፣ ያለ ባለሦስት እግር መቆሚያ፣ ካሜራውን በእጁ ይዞ ለሚያነሣ ሰው ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እንላለን፦ ቁልፉ በተጫነ ቅጽበት በካሜራው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?

120 ተብሎ በሚጠራው ጥቅል ፊልም የሚሠሩት የሚዲየም ፎርማት ካሜራዎች ዛሬም ወዳጅ አላጡም። ምክንያቱም በተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ120 ፊልም ላይ የሚቀረጸው ካሬ ምስል ግን 56 በ56 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ትርፍ ጥቂት ንዝረት ሊያጠፋው ይችላል። ከአንድ ጥቅል የሚገኘውም 12 ምስል ብቻ ነውና አንድ የደበዘዘ ምስል ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ባለ አንድ ሌንስ መስተዋታማ ካሜራ ውስጥ ዓይን የሚያየው በሌንሱና በፊልሙ መካከል በተጋደመ መስተዋት አማካይነት ነው። ፊልሙ ብርሃን እንዲያገኝ መስተዋቱ ተወርውሮ መነሣትና ጣሪያው ላይ መቆም አለበት። ፊልሙ በሰፋ መጠን መስተዋቱም ይገዝፋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ፔንታክስ 6×7 በዚህ ምቱ የታወቀ ነው። የሐሰልብላድ 500 ተከታታይ ካሜራዎችም መዝጊያቸው በሌንሱ ውስጥ ቢሆንም፣ የመስተዋቱና የኋላ መከለያው ድምፅ በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ አንገት ያስዞራል። «መስተዋቱን አስቀድሞ ማንሣት ይቻላል» የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። ይቻላል፤ ነገር ግን መስተዋቱ ከተነሣ በኋላ በማያው ውስጥ ጨለማ እንጂ ሌላ አይታይም። ካሜራውን በእጁ ለያዘ ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል?

በእኛ አስተያየት ለተማሪ የሚስማማው መንታ ሌንስ ያለው ካሜራ ነው። ከ1929 ጀምሮ የታወቀው ሮሊፍሌክስ የዚህ ዓይነት ነው፤ ጃፓን ሠራሹ ያሺካ ማት 124ጂም እንዲሁ። የላይኛው ሌንስ ለማየት፣ የታችኛው ለፊልሙ ነው። መስተዋትማ አለው፤ ግን አይነቃነቅም። በታችኛው ሌንስ ውስጥ ያለው መዝጊያ የተሠራው ከቀጫጭን ቅጠሎች ሲሆን፣ ሁሉም ከመካከል ወደ ዳር በአንድ ጊዜ ስለሚከፈቱ የአንዱ ግፊት በአብዛኛው በሌላው ይጣፋል። የሚሰማው ቀጭን «ጭቅ» ብቻ ነው።

አያያዙም ያግዛል። የአንገት ማንገቻው ተወጥሮ ካሜራው ደረት ላይ ሲደገፍ ሰውነት ራሱ መቆሚያ ይሆናል፤ አንሺውም አቀርቅሮ ስለሚያይ በሰው ፊት ላይ መሣሪያ የደቀነ አይመስልም። በቺካጎ በሕፃናት ሞግዚትነት ስትተዳደር የኖረችውና ሥራዋ ከ2007 በኋላ የታወቀላት ቪቪያን ማየር ብዙዎቹን የጎዳና ምስሎቿን ያነሣችው በሮሊፍሌክስ ነው።

ጉድለት የለውም አንልም። በማያው ውስጥ ቀኝና ግራ ይገለበጣሉ፤ በጣም ሲቀርቡም ሁለቱ ሌንሶች የሚያዩት አንድ አይሆንም። ገንዘብ ለማይቸግረው በ1995 የወጣው ማሚያ 7 አለ፤ መስተዋት ፈጽሞ የለውም፣ ድምፁም እጅግ ዝቅተኛ ነው። ሆኖም ያለ ባትሪ አይሠራም፤ ዋጋውም ለተማሪ የሚቀመስ አይደለም። ከባድ ካሜራ በክብደቱ ይረጋል የሚለው ክርክርም እውነትነት አለው፤ ክንድ እስኪዝል ድረስ ብቻ።

እነዚህ ካሜራዎች ዛሬ የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መዝጊያውን 1 ሰከንድ ላይ አድርጎ፣ ቁልፉን ተጭኖ ማዳመጥ ይበጃል። የማርሹ ድምፅ ሳይቆራረጥ ከተሰማና ቅጠሎቹ በጊዜው ከተዘጉ መልካም ነው። መሐል ላይ ከተንገታገተ ግን የቆየ ቅባት ደርቆበታል ማለት ነውና፣ የማጽጃውን ዋጋ ከመሸጫው ላይ ማስቀነስ ያስፈልጋል።